ቆዳና ኮረሪማ

«ፋቂውስ?» አሉ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ከግድግዳው ወዲያ።

«ፋቂው ይቀራል» አሉ ባላቸው አቶ መሸሻ። «ዋቅወያ ቁርጡን ነግሮኛል። ልጁን በደስታ እቀበላለሁ፣ አባቱ ግን የቤቴን ደፍ እንዳይረግጥ ነው ያለኝ።»

«ውይ! ታዲያ ማን ሊነግረው ነው?»

«ልጁ ነዋ! የእሱ አባት አይደለም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ የተሰማው ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ብቻ ነው። ጨመዳ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ምላጩን ይዞ ቆመ። የተከራያት ክፍል ከአከራዮቹ ሳሎን የምትለየው በሳሳ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ባልና ሚስቱ ሲያዛጉ እንኳ ይሰማል። በወር ስድስት ብር የሚከፍልባት ይህች ክፍል አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ በሚስማር ላይ የተሰቀለ የሆስፒታል ነጭ ጋውን፣ ዛሬ ደግሞ ወንበር ላይ በጥንቃቄ የተዘረጋ አዲስ ጥቁር ሱፍ ልብስ ነበረባት። ፋቂ የሚለውን ስድብ እየሰማ ነው ያደገው፤ ቃሉ አልነበረም ያናደደው። ያናደደው አነጋገራቸው ነው። ስኳሩ አነሰ፣ ዳቦው ደረቀ በሚባልበት ድምፅ የአባቱን ነገር ቁርስ ላይ ጨረሱት።

የቀለበቱ ቀን ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ተመላልሶ፣ ደጅ ተጠንቶ በመጨረሻ እሺ ተብሏል። የሽማግሎቹ አፈ ጉባዔ አቶ መሸሻ ናቸው። ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ በጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ትልቅ ወንበር ያላቸው፣ ሲናገሩ ሰው ጆሮውን የሚሰጣቸው ሰው ናቸው፤ ጨመዳም እግራቸው ላይ ወድቆ የለመናቸው ለዚሁ ነው። እሱ በከተማው ሆስፒታል ድሬሰር ነው። ግማሹን ከተማ መርፌ ወግቷል፣ የቀረውን ግማሽ ቁስሉን አጥቧል። ቁስል ሊያጥብ ሲጎነበስ አባትህ ማነው ብሎ የጠየቀው ሰው እስከዛሬ የለም። ልጅ ስጡኝ ሲል ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አባት እንዳለው ትዝ አላቸው።

ልጅቷ ድርቤ ናት፤ አንደኛ ክፍል የምታስተምር፣ ስትናደድ ድምጿ ዝቅ እንጂ ከፍ የማይል። አባቷ ኦቦ ዋቅወያ የቡናና የኮረሪማ ነጋዴ፣ የጸሎት ቤቱም ሽማግሌ ናቸው። የጨመዳ አባት አባ ታፋም እዚያው ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። እሑድ እሑድ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አንድ መዝሙር ይዘምራሉ፤ በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ነው ሲባል ሁለቱም አሜን ይላሉ። ሰኞ አባ ታፋ የሠሩትን ስልቻ ሊያስረክቡ ሲሄዱ ግን ከዋቅወያ አጥር ውጭ ቆመው ይጣራሉ። ውሃ ቢጠማቸው ሌላ አፍ በማይነካው ጣሳ ይቀዳላቸዋል። ዋቅወያ ኮረሪማቸውን አዲስ አበባ የሚልኩት በእኚያው ሰው ስልቻ ነው፣ በቅሏቸው የምትጫነው በእኚያው ሰው ኮርቻ ነው፣ ሌሊት ጀርባቸውን የሚያሳርፉበት ቁርበትም የእኚያው ሰው እጅ ያለፋው ነው። ይህን ሁሉ እያወቁ ሰውየው ይሸታል ይላሉ። እግዜር ያሳያችሁ!

ተላጭቶ ሲወጣ አቶ መሸሻ በረንዳው ላይ ጥርሳቸውን እየፋቁ ጠበቁት።

«ጨመዳ ልጄ፣ ብልህ ሁን» አሉ ሳይሰማ የቀረ ይመስል ከመጀመሪያው ጀምረው ከነገሩት በኋላ። «ዛሬ የምትፈልገው ልጅቷን ነው። አባትህን ነገ ከነገ ወዲያ ትክሰዋለህ። አንድ ጥሩ ጋቢ ትገዛለታለህ፣ ይረሳዋል። እኔ እንደ አባት ሆኜ እቆምልህ የለ?»

ጨመዳ የሚመልሰው ብዙ ነበረው። ጋቢ ሰውን አያስረሳም ሊል ነበር፤ እርስዎ የማን አባት ነዎት ሊል ነበር። «እሺ ጋሼ» አለ። ከአፉ ስትወጣ ራሱ ሰማት፤ ሊመልሳትም ፈልጎ ነበር። የፋቂ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ንዴቱን መዋጥ የሚማረው ከፊደል በፊት ነው። አቶ መሸሻም ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ወይዘሮ ሸዋጌጥን ጠርተው «ለዋቅወያ ይነገረው፣ ልጁ እሺ ብሏል በሉት» አሉና ጨመዳን ክንዱን ይዘው ወደ ዋናው መንገድ ወጡ።

የአዱኛ ሱቅ ከማለዳው ሰው አለበት። ደጁ ላይ ባለው አግዳሚ የተቀመጡት ወንዶች ሊገዙ ሳይሆን ሊያወሩ የመጡ ናቸው። ውስጡ አቡጀዲ፣ ላምባ፣ ሸራ ጫማ፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣ ምስማር በኪሎ፣ ሁሉም ተደራርቦ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ከላይ ያየዋል። አዱኛ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ሦስት ካርቶን ዕቃ ይዞ ገብቷል። አቶ መሸሻን ሲያይ ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አራት ማዕዘን ጠርሙስ ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ የጠጅ መልክ አለው፣ ክዳኑ ደግሞ ቡናማ ቆዳ ለብሷል።

«ይህ የሴት አይደለም፣ የወንድ ነው» አለ አዱኛ። «ጥንታዊ ነው አሉ፣ አያቶቻቸው ሲቀቡት የኖሩት። የፈረንጅ ጌቶች ጋልበው ሲመጡ ኮርቻው፣ ቦት ጫማው፣ ጓንቱ እንዴት ይሸታል? እሱን ጨምቀው ከቅመም ጋር ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት።»

«ቆዳ ነው ትለኛለህ?» አሉ አቶ መሸሻ።

«ቆዳና ቅመም ነው ጋሼ። አሥራ ሁለት ብር።»

«ቆዳው ብቻ አሥራ ሁለት ብር ከሆነ በሬው ስንት ሊሆን ነው!» አለ ከአግዳሚው አንዱ፤ ተሳቀ።

አቶ መሸሻ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንጓቸውን ዘረጉ። አዱኛ ሁለት ጠብታ አንጠባጠበላቸው። ወዲያው አፍንጫቸውን ሲሰዱ እንደ አረቄ አቃጠላቸውና ፊታቸውን አጨማደዱ። «አይቸኩሉ» አለ አዱኛ፣ «መጀመሪያ ይቆጣል። ሲቆይ ነው የሚጥመው።» ጠበቁ። ስለ ቡና ዋጋ አወሩ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩ፣ ጊምቢ መንገድ ላይ ስለተገለበጠው መኪና አወሩ። ከዚያ አቶ መሸሻ እንደገና አሸተቱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ከሰው ወደ ሰው ዞረ። አንዱ ቅርንፉድ አለው አለ፣ አንዱ ቁንዶ በርበሬ፣ ሌላው የለም ኮረሪማ ነው ብሎ ተከራከረ። ከቅመሙ ሥር ሞቅ ያለ፣ ጭስ የነካው ቆዳ ነበር። «የጌታ ሽታ ነው እናንተ!» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ሁሉም ተስማሙ።

ተራው ደርሶት ጨመዳ ጎንበስ ብሎ ሲያሸት አባቱ ግቢ ውስጥ የቆመ መሰለው። በእንጨት ተወጥሮ የሚደርቀው ቆዳ፣ የሚታጠንበት ጭስ፣ ነጋዴዎች ሊሰፋላቸው መልሰው የሚያመጡት፣ ኮረሪማ የከረመበት አሮጌ ስልቻ። ተኝቶ የነቃበት ሽታ ነው። በዚህ ሽታ ምክንያት ትምህርት ቤት አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፍቶ አግዳሚውን ብቻውን ይዞ ተምሯል። በዚህ ሽታ ምክንያት እናቱ ገበያ ላይ ከሰው ተለይታ፣ ከነፋሱ ታች ቁጭ ብላ ትሸጥ ነበር፤ እንደዚያው ሆና ሞተች። አሁን እነዚህ ሰዎች እየተጋፉ ያሸቱታል፤ እያመሰገኑ። ጠርሙሱን አንስቶ የሱቁ ወለል ላይ ቢከሰክሰው ደስታው ነበር።

«ና፣ አንተም እጅህን አምጣ» አሉ አቶ መሸሻ ጠርሙሱን ከገዙ በኋላ። «ለአንተማ የግድ ነው። ዛሬ ሌላ ነገር እንዳይሸትብህ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። ክፋት አልነበረውም ሳቃቸው፤ ጨዋታ መስሏቸው ነው፣ ይህ ደግሞ የባሰ ያናድዳል። ጨመዳ ሁለት እጁን ዘረጋ። አዱኛ አንጓውን፣ አንገቱን፣ የኮቱን አንገትጌ ሳይቀር ቀባው። ይሁን፣ የጌታ ሽታ ካሉት እኔም ጌታ ልሽተት አለ በልቡ፤ በዚህችው ራሱን አባብሎ ወጣ።

የአባ ታፋ ቤት ባኬ ጃማ ከሚባለው ሰፈር በታች፣ ወደ ጅረቱ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ብቻውን ነው። ጎረቤት ከሩቅ ነው የሚጀምረው። ጨመዳ ሲደርስ ግቢው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ የተወጠረው ቆዳ ሁሉ ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄዷል፣ ደጁ ተጠርጓል። አባ ታፋ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ያጠቡት ነጭ ሸማ፣ በላዩም ከሰልባጅ የገዙት ግራጫ ኮት ለብሰዋል። እጃቸውን በአመድና በሎሚ ሲፈትጉት እንዳደሩ ያስታውቃል፤ ጥፍራቸው ዙሪያ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል። የመዳፋቸው ቡናማ ቀለም ግን ፈቅ አላለም።

«አካም ቡልተን፣ አባ?» አለ ጨመዳ ከግቢው መግቢያ ላይ።

«ደህና አደርኩ። ምነው ከሩቅ ቆምክ? ና እንጂ።»

«እቸኩላለሁ አባ። ሽማግሎቹ ይጠብቁኛል።»

አባ ታፋ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ደስ እንዳላቸው ከፊታቸው ይነበባል። ለመነሳት በትራቸውን ጨበጡ። ጨመዳን የሆስፒታል ሥራው ለሰው ክፉ ነገር መንገር አስተምሮት ነበር፤ እግሩ ይቆረጣል ብሎ ለቤተሰብ ተናግሮ ያውቃል። ይህን ግን መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው። ሥርዓቱ አጭር ነው አለ፣ ቤቱም ጠባብ ነው፣ ዛሬ ሽማግሎች ብቻ ይግቡ ተብሏል፣ ለሠርጉ ነው እንግዲህ እርስዎ የሚመጡት አለ።

«እነሱ ናቸው ያሉት?»

«አዎ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ጨመዳ የኮቱን እጅጌ አስተካከለ። አባቱ በትሩን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ኮታቸውን ግን አላወለቁም። ጅረቱ ይሰማ ነበር፤ ከማዶ አንዲት ሴት ከብት ትጠራለች። «ሂድ በቃ» አሉ አባ ታፋ በመጨረሻ። «ሽማግሎቹን አታስጠብቅ።» ጨመዳ ሳይስማቸው ዳገቱን ወጣ፤ መንገዱን ሙሉ የተናደደው በዋቅወያ ላይ ብቻ ነበር።

የኦቦ ዋቅወያ ሳሎን ለዕለቱ አዲስ ጠመኔ ተለቅልቋል። ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ፣ ከክርስቶስ ሥዕል አጠገብ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል፣ በግድግዳው ዙሪያ ከጎረቤት የተዋሱት ወንበር ሁሉ። ሽማግሎቹ እንደ ማዕረጋቸው ተቀመጡ፤ አቶ መሸሻ ሶፋው ላይ፣ ጨመዳ ከእሳቸው ቀጥሎ። በሩቅ ጥግ አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ማንም ወደዚያ አይመለከትም። ዋቅወያ ተነስተው ጸለዩ፤ ረጅም ጸሎት ነበር፣ ስለ ፍቅርና ስለ አንድነት። ድርቤ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ናት።

ብርዝ ይዘው የገቡት የዋቅወያ እህት፣ የድርቤ አክስት አዳዳ ቀለሟ ናቸው። እሳቸው የቤቱ አፍና አፍንጫ ናቸው፤ ወንድማቸው ጸሎት ቤት ይሸመግላሉ እንጂ ቤት ውስጥ የሚሸመግሉት ቀለሟ ናቸው። መጀመሪያ ወደ አቶ መሸሻ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ይዘው ሰላም አሉ።

«ኦቦ መሸሻ፣ ምን ተቀብተው ነው የመጡት? እንዴት ያለ ደስ የሚል ነው!»

«ከአዲስ አበባ የመጣ ሽቶ ነው» አሉ አቶ መሸሻ፣ ትከሻቸውን ሰፋ አድርገው።

አዳዳ ቀለሟ ወደ ጨመዳ ዞሩ። ብርጭቆውን ሊሰጡት እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ፤ ብርጭቆውን ወደ ትሪው መለሱት። «ፎሊ ጎጋ!» አሉ ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ የቆዳ ሽታ ማለታቸው ነው፤ በለሆሳስ ያሉ መስሏቸው ይሆናል፣ ቤቱ ሁሉ ግን ሰማ። ወጡና ተመለሱ። ለጨመዳ ብርዙን በጣሳ አመጡለት።

ጣሳዋን ሁሉም ያውቃታል። ጠርዟ የተሸረፈ፣ ከአጥሩ ላይ የምትሰቀለዋ፣ ለአባ ታፋ የሚቀዳባት ናት። ጨመዳ በዚህ ቤት ስንት ጊዜ በብርጭቆ ጠጥቷል! ጣሳዋን ተቀብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጣት።

«አዳዳ» አለ። «ባለፈው ወር ወገብዎን ይዞዎት መርፌ የወጋሁዎት በዚህ እጅ ነው። ያን ጊዜ ምን ሸተተዎት?»

«ያን ጊዜማ አልኮል ነበር የሸተተኝ» አሉ አዳዳ ቀለሟ፣ በሐቅ። «ምን ላድርግ ልጄ? አፍንጫ አይዋሽም። ዛሬ አባትህ ቤት ሄደህ መጥተህ ይሆናል።»

«እንግዲያው የእኔንና የጋሼ መሸሻን እጅ አንድ ላይ ያሽትቱ። ከአንድ ጠርሙስ ነው የተቀባነው። አዱኛ ሱቅ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ እያየ። የእሳቸው ደስ ካለዎት የእኔ ለምን ይሸትዎታል?» ብሎ እጁን ዘረጋና ወደ አቶ መሸሻ ዞረ። «ጋሼ፣ እጅዎን ያሳዩአቸው።»

አቶ መሸሻ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«የእኔ ሌላ ነው» አሉ። «እሱ ምን እንደተቀባ እኔ አላውቅም።»

ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ከሶፋው ላይ፣ ከሁለት ሰው አንድ ሆኖ እየወጣ አፍንጫ ላለው ሁሉ ይናገራል። ከሽማግሎቹ አንዱ ኮፍያውን መረመረ፣ ሌላው ጣሪያውን አየ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ ቢያሸት ነገሩ ያልቅ ነበር። ማን ይጎንበስ? የትልቅ ሰው ቃል እያለ በአፍንጫ የሚመሰክር የለም። ጨመዳ በሕይወቱ እንዲህ ተናዶ አያውቅም።

«ሰምተሃል» አሉ ዋቅወያ ለስለስ ብለው። «ተቀመጥ ልጄ። ቀለበቱን እናስር፣ ይህ ሁሉ ይረሳል።»

«አባቴ በሌለበት ቀለበት አላስርም።»

«ምነው? ጠዋት ተስማምተህ የለም እንዴ? እሺ ብሏል ተብሎ ተልኮብኛል።»

መጋረጃው ተገለጠ። ድርቤ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች። አክስቷ ግቢ ግቢ እያሉ በእጃቸው ቢያመለክቱም አላየቻቸውም፤ የምታየው ጨመዳን ነው።

«እሺ ብለህ ነበር?» አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

ጨመዳ ወደ አቶ መሸሻ ተመለከተ።

«ሳምንቱን ሙሉ ከአባቴ ጋር የተጣላሁት በማን ነገር መሰለህ? ምግብ የተውኩት? ልጁ ራሱ ተስማምቷል ሲሉኝ ይዋሻሉ ብዬ ነበር። ትንሽ ቢሆን ይናደዳል ብዬ ነበር።»

«ድርቤ፣ አሁን እኮ…»

«አሁን የተናደድከው ለጣሳዋ ነው» አለችና መጋረጃውን መልሳ ጣለችው።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። አባ ታፋ ጠዋት የተዋቸው ቦታ ላይ፣ ኮታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። በዚህ ጊዜ ከሩቅ አልቆመም፤ መጥቶ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሁሉንም ነገራቸው፤ ከግድግዳው ወዲያ የሰማውን፣ በረንዳው ላይ ያለውን እሺ፣ ጠርሙሱን፣ ጣሳዋን፣ ኪስ ውስጥ የገባውን እጅ፣ ድርቤ ያለችውን። አባቱ ሳያቋርጡ ሰሙት። ሲጨርስ እጁን ያዙና ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ።

«ይህማ ኮረሪማ የከረመበት ስልቻ ነው» አሉ።

«ሽቶ ነው አባ። አሥራ ሁለት ብር ይሸጣል።»

አባ ታፋ አልሳቁም። «ይሽጡት። አንተ ለምን ተቀባኸው?»

ጨመዳ በሌላኛው እጁ አንገትጌውን ጠረገ።

«እኔን እንዳትሸት ነው?»

ጨመዳ ራሱን ቀና ማድረግ አቃተው። አባ ታፋ እጁን ለቀቁት። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ከእሳቸው ሰምቶት የማያውቀው ነው። «ዋቅወያ ከአጥር ውጭ ሲያቆመኝ ሽበት አበቀልኩ። ይናደዳል ሰው፤ አልናደድም መስሎሃል? ሌሊት ሌሊት እናትህን አስቀምጬ ስሳደብ ነው የኖርኩት። ቀን ቀን ግን ልጅ አለኝ እያልኩ ነው የዋልኩት። ልጅ አለኝ! ዛሬ ጠዋት አንተ ከዚያ በር ላይ ቆመህ ስታናግረኝ ማንን እንደመሰልክ ታውቃለህ? ዋቅወያን መሰልከኝ። ቁርጥ ዋቅወያን!»

ጨመዳ አለቀሰ። አባቱ አላባበሉትም። በትራቸውን አንስተው ቆሙ።

«ተነስ።»

«ወዴት አባ?»

«ልጅ ልጠይቅ። ሽማግሌ የላክኸው አንተ ነህ፤ እኔ ማንንም አልላክሁም። የወንድ ልጅ አባት እኔ ነኝ፣ ጠያቂው እኔ ነኝ።»

በዋናው መንገድ መካከል ለመካከል ሄዱ፤ አባ ታፋ ቀድመው፣ ልጃቸው ተከትሎ። የአዱኛ አግዳሚ ጸጥ አለ። አንዳንዱ በሩቁ ተከተላቸው። ዋቅወያ አጥር ሲደርሱ አባ ታፋ ሁልጊዜ ከሚቆሙበት አልፈው የእንጨቱን መዝጊያ በበትራቸው መቱት።

«ዋቅወያ!» አሉ፤ ኦቦም አላሉ፣ ጌታዬም አላሉ። «ታፋ ነኝ። ልጅህን ለልጄ ልጠይቅ መጥቻለሁ። ወይ ክፈት፣ ወይ ወጥተህ በአፍህ እንቢ በለኝ!»

ከውስጥ የአቶ መሸሻ ሳል ተሰማ። አዳዳ ቀለሟ አንድ ነገር ጮኹ፤ ወንበር ተንኳኳ። ጨመዳ እንቢታውን ይጠብቅ ነበር። መወርወሪያው ተነሳና መዝጊያው ተከፈተ፤ የከፈተችው ድርቤ ናት። ጨመዳን ዞር ብላም አላየችውም። ጎንበስ ብላ የአባ ታፋን እጅ ያዘች፤ ቀለሙ ያልለቀቀውን መዳፍ ሳመችው፣ ገልብጣም ጀርባውን ሳመች።

ዋቅወያ በረንዳው ላይ ወጥተው ቆመዋል። «ድርቤ፣ ማነው እሱ?» አሉ፣ እያዩ።

«አማቴ ናቸው» አለች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ መንገድ ላይ የተሰበሰበው ሁሉ እየሰማ። «መጥተው ያስገቧቸው አባባ። ካልሆነ እኛም እዚሁ ነን።»

ዋቅወያ ካሉበት አልተነቃነቁም። ድርቤ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ለቀለበቷ ያሰፋችውን ነጭ ቀሚስ ሰብስባ ደጁ ላይ፣ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። አባ ታፋም ኮታቸውን አስተካክለው አጠገቧ ተቀመጡ። ጨመዳ ከእነሱ ጎን ሊቀመጥ ሲያጎነብስ ድርቤ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ቁም» አለችው።

ቆመ።